ከየካ ተዳፋት ይጀመር፦ የሕንፃዎቻችንን ቁመት በራዳር ስለመለካት

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን አንድ ጥያቄ ይዘን እንቆያለን። በኢትዮጵያ ከተሞች የሚገኙ ሕንፃዎችን ቁመት፣ እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ሳንደርስ፣ ከጠፈር በተወሰደ የራዳር መረጃ ማወቅ እንችላለን ወይ? ከቻልንስ ልኬቱን እስከ ምን ድረስ እንመነው? መልሱን የምንፈልገው በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማና ከበላዩ በተዘረጋው የእንጦጦ ሰንሰለት ግርጌ ነው። ቦታው የተመረጠው ለልኬት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። የማቀርበው ሙግትም አጭር ነው፤ የአገሪቱ የሕንፃ ቁመት ካርታ ያስፈልገናል፣ በራዳር መረጃም ሊሠራ ይችላል፣ ነገር ግን ካርታው መታመን ያለበት እንደ ቦሌ ባለ ሜዳ ላይ ስላማረ ሳይሆን እንደ የካ ባለ ተዳፋት ላይ ተፈትኖ ካለፈ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ቁመት ለምን እንደሚያስፈልገን እንይ። የከተማ ካርታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ቤቶች መሬት ላይ የያዙትን ስፋት ነው። በ300 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ የቆርቆሮ መጋዘንና በዚያው ስፋት ላይ የቆመ ጂ ፕላስ ፎር ኮንዶሚኒየም በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ እኩል ናቸው። አንዱ ግን 300 ካሬ ሜትር ወለል አለው፣ ሌላው አምስቱ ወለሎች ሲደመሩ 1,500። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያን ጊዜ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ወደ ጎንም ወደ ላይም አድጋለች፤ ወደ ጎን ያደገችውን ፎቶግራፍ ያሳየናል፣ ወደ ላይ ያደገችውን ግን ቁመት ካልለካን አናውቀውም። ውኃ በየትኛው ሰፈር በፓምፕ መገፋት እንዳለበት፣ የእሳት አደጋ መሰላል የት የት እንደማይደርስ ለማቀድ ይህ ቁጥር ያስፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሥቷል። ከሩቅ የሚመጣ ቀርፋፋ ንዝረት ረጃጅም ሕንፃዎችን ከአጫጭሮቹ ይበልጥ ያወዛውዛል፤ ስለዚህ ረጃጅሞቹ የት እንደተሰባሰቡ ማወቅ የጥንቃቄ መጀመሪያ ነው።

ራዳር እዚህ ላይ የሚገባው እንዴት ነው? ራዳር የራሱን የሬዲዮ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፣ ነጥሮ ሲመለስም ይቀበላል። የፀሐይ ብርሃን አይፈልግም፣ የክረምት ደመናም አያግደውም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማይዋ ለሚሸፈን ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከፍታን ለማወቅ ግን አንድ ተቀባይ አይበቃም። ሁለት ጆሮዎቻችን ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ እንደሚለዩልን ሁሉ፣ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት አንቴናዎችም አንዱኑ ነጸብራቅ ሲቀበሉ በመካከላቸው የሚታየው ጥቂት የሞገድ ልዩነት ነጸብራቁ ከምን ያህል ከፍታ እንደተነሣ ይናገራል። በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የናሳ የጠፈር መንኮራኩር አንዱን አንቴና በራሷ ላይ፣ ሌላውን 60 ሜትር በሚረዝም ምሰሶ ጫፍ ላይ አድርጋ በ11 ቀን በረራ የዓለምን የብስ 80 በመቶ ያህል ለካች። ውጤቱ መጀመሪያ በ90 ሜትር፣ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ለአፍሪካ በ30 ሜትር ዝርዝር ለሕዝብ ተለቀቀ። ጀርመን በበኩሏ በ2002 ዓ.ም. ታንደም ኤክስ የተባለችውን ሳተላይት አምጥቃ ከቀዳሚዋ ከቴራሳር ኤክስ ጋር ጎን ለጎን አስኬደቻት፤ ሁለቱ ተጣምረው ዓለምን በ12 ሜትር ዝርዝር ለኩ። የዚህ ልኬት የ30 ሜትር ቅጂ ኮፐርኒከስ በሚለው የአውሮፓ ፕሮግራም ስም ዛሬ ማንም ሰው በነፃ ሊያገኘው ይችላል። የጀርመን የጠፈር ማዕከል ባለሙያዎችም ይህንኑ መረጃ ተጠቅመው የዓለምን ሕንፃዎች ቁመትና ይዘት በ90 ሜትር በ90 ሜትር ካሬ ከፋፍሎ የሚያሳይ ካርታ በ2014 ዓ.ም. አቅርበዋል። ኢትዮጵያም አለችበት። ስለዚህ ጥያቄያችን ካርታ አለ ወይስ የለም አይደለም፤ ያለው ካርታ ስለ እኛ ሰፈር የሚናገረው እውነት ነው ወይ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንግባ። ራዳር የሚነግረን የላይኛውን ገጽ ከፍታ ነው። ሜዳ ላይ የሜዳውን፣ ጣራ ላይ የጣራውን፣ ጫካ ላይ የዛፉን ቅጠል አካባቢ ከፍታ ይሰጣል፤ ሁሉም ከባሕር ወለል በላይ ተቆጥረው ነው። አንድ ቦታ ላይ 2,415 ሜትር የሚል ቁጥር ብናገኝ ጣራ ይሁን አፈር ቁጥሩ ራሱ አይነግረንም። የሕንፃውን ቁመት የምናገኘው ከጣራው ከፍታ ላይ ከሥሩ ያለውን የመሬት ከፍታ ስንቀንስ ነው። ጣራው 2,415፣ መሬቱ 2,400 ከሆነ ቁመቱ 15 ሜትር ነው፤ ለአንድ ወለል 3 ሜትር ብንይዝ አምስት ወለል፣ ማለትም ጂ ፕላስ ፎር። ስሌቱ ከመቀነስ አያልፍም። ችግሩ ሕንፃው የቆመበትን መሬት ራዳሩ አለማየቱ ነው፤ ሕንፃው ራሱ ሸፍኖታል። ስለዚህ የመሬቱ ከፍታ በዙሪያው ካለው ክፍት ቦታ፣ ከመንገድ፣ ከግቢ፣ ከሜዳ ተወስዶ ይገመታል። የሕንፃ ቁመት ካርታ ጥራት የሚወሰነው ከሁሉ በላይ በዚህ ግምት ነው።

መሬቱን ለመገመት የተለመደው መንገድ በአንድ አካባቢ ውስጥ ዝቅተኛውን ነጥብ ፈልጎ «መሬቱ ይህ ነው» ማለት ነው። በቦሌ ሜዳ ይህ መንገድ ያስኬዳል፤ እዚያ ዝቅተኛው ነጥብና ሕንፃው የቆመበት መሬት ብዙም አይለያዩም። ከመገናኛና ከሾላ ተነሥተን ወደ የካ ሚካኤል፣ ወይም ከቀበና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስንወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የእንጦጦ ሰንሰለት ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ የቦሌ አየር ማረፊያ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ያ ሁሉ ልዩነት የሚሸፈነው በአንዲት ከተማ ውስጥ ነው። እስቲ መሬቱ በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር ከፍ የሚልበትን ተዳፋት እናስብ። በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ዝቅተኛውን ነጥብ ብንወስድ በክልሉ ላይኛ ጫፍ ያለች አንዲት ምድር ቤት ከዚያ ነጥብ 20 ሜትር በላይ ናት። ካርታው ይህን ሁሉ የቤቷ ቁመት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ባለ አንድ ወለሏ የጭቃ ቤት ባለ ሰባት ወለል ሆና ትመዘገባለች። የሌለ ፎቅ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በ30 ሜትር ካሬ እንኳ በዚሁ ተዳፋት ላይ የካሬው ታችኛና ላይኛ ጠርዝ 6 ሜትር፣ ማለትም ሁለት ወለል ይበላለጣሉ። መሣሪያውን የሠሩትም ይህን ያውቃሉ። ታንደም ኤክስ ሲታቀድ በአንድ አካባቢ ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል እንዲኖር የተፈቀደው ስሕተት ተዳፋቱ እስከ 20 በመቶ ለሆነ መሬት 2 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 4 ሜትር ነበር። ዳገት ላይ ስሕተቱ በእጥፍ እንደሚጨምር ከመነሻው ተጽፏል።

ሁለተኛው ፈተና ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን ያለበሰው ይህ ዛፍ ከ15 እስከ 20 ሜትር መድረሱ የተለመደ ነው፤ ይህም ልክ የአንድ ኮንዶሚኒየም ቁመት ነው። የራዳር ሞገድ ቅጠሉን በከፊል ሰርስሮ ይገባና ከዛፉ ጫፍና ከመሬቱ መካከል ካለ አንድ ከፍታ ላይ ይመለሳል። ቤቶችና ባሕር ዛፎች ተቀላቅለው በሚገኙበት የየካ ዳርቻ አንዱን ከሌላው የሚለየው ከፍታው አይደለም። የጀርመኑ ካርታም ቤት ያለበትን ቦታ የሚለየው ከሌሎች የሳተላይት ምስሎች ነው። ሦስተኛው ፈተና የራዳሩ አተያይ ነው። ራዳር መሬትን የሚያየው በሰያፍ ነው፤ ስለዚህ የረጅም ሕንፃ አናት ከእግሩ ይልቅ ለሳተላይቱ ይቀርባል፣ ነጸብራቁም ቀድሞ ይደርሳል፣ ሕንፃው ወደ ሳተላይቱ ጎንበስ ያለ መስሎ በፊቱ ባለው መንገድ ላይ ይደረባል። ከጀርባው ደግሞ ሞገዱ የማይደርስበት ጥላ ይቀራል። የቆርቆሮ ጣራም የራሱ ጠባይ አለው፤ እንደ ተዘነበለበት አቅጣጫ ሞገዱን አንዴ በኃይል ይመልሳል፣ አንዴ ወደ ሌላ ወርውሮት በምስሉ ላይ ጨለማ ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች የተለያየ ቁመት ሊያሳዩ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በተዳፋት ላይ «ቁመት» ራሱ ምን ማለት እንደሆነም መወሰን ያስፈልጋል። በየካ ዳገቶች ላይ በመንገድ በኩል ሲታይ ሦስት ወለል ያለው፣ በጓሮ በኩል ግን አንድ ወለል ብቻ ከመሬት በላይ የሚታይ ቤት ብርቅ አይደለም። መሬቱ ተቆፍሮ የታችኛዎቹ ክፍሎች ጀርባቸውን ለድጋፍ ግንቡ ሰጥተው ይሠራሉ። ይህን ቤት ራዳር ስንት ወለል ይበለው? ለነዋሪ ብዛት የሚያስብ ሰው ሦስት ይላል፤ ከጓሮ በኩል በመሰላል ለሚወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አንድ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ በመሣሪያ አይፈታም። ካርታውን የሚሠራው ባለሙያ ከየትኛው መሬት እንደሚለካ አስቀድሞ ወስኖ ለተጠቃሚው በግልጽ ማሳወቅ አለበት።

አራተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። 99.9 ሜትር የሚረዝመው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የተመረቀው በጥር 2004 ዓ.ም. ነው፤ ኢንዴቨር በ1992 ዓ.ም. ስታልፍ ግን አልነበረም። ከ200 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ታንደም ኤክስ የዓለምን ከፍታ ስትሰበስብ ከነበረበት ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ካለው ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። የአገሪቱን ረጅሙን ሕንፃ የማያሳይ የቁመት ካርታ ዋሸ አይባልም፤ የተለካበት ዘመን ይኸው ነው። ስለዚህ ከካርታው ቁጥር ጎን የልኬቱ ዓመት ካልተጻፈ ቁጥሩ ግማሽ እውነት ነው። ለውጥን ለማየት ግን ይኸው ድክመት ጥቅም ይሰጣል። የ1992ቱን ገጽ ከታንደም ኤክስ ገጽ ላይ ስንቀንስ መሬቱ በሁለቱም ውስጥ አንድ ስለሆነ ይጣፋል፤ የሚቀረው በመካከሉ የተገነባው፣ የፈረሰው፣ ያደገው ወይም የተቆረጠው ነው። በተዳፋት ላይ መሬቱን የመገመት ችግር እዚህ ላይ በእጅጉ ይቀንሳል። ይህ መንገድ ግን የሚያሳየው በሁለቱ ልኬቶች መካከል የተለወጠውን ብቻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የቆሙትን ሕንፃዎች ቁመት አይሰጠንም።

አንድ አድማጭ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «የካ ልዩ ቦታ ነው፤ ለአንድ ዳገት ተብሎ የአገር ካርታ ለምን ይጠረጠራል?» መልሱ የካ ልዩ ቦታ አለመሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ነባር ከተሞች ብዙዎቹ የቆሙት በደጋ፣ በተራራ ግርጌና በገደል አፋፍ ላይ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ናት፤ ጎንደር በኮረብቶች መካከል ተዘርግታለች፤ ብዙዎቹም በባሕር ዛፍ ተከበዋል። ስለዚህ አገሩን የሚመስለው የቦሌ ሜዳ ሳይሆን የየካ ዳገት ነው። ካርታ ሠሪ ውጤቱን በሜዳ ላይ ብቻ ፈትኖ «አማካይ ስሕተቱ ትንሽ ነው» ቢል አማካዩ የተሠራው ችግሩ በሌለበት ቦታ ነው። በተዳፋት ላይ የሚኖሩት ነዋሪዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ውኃ የሚዘገይባቸው፣ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋቸው ናቸው። ስሕተቱ በነሱ ላይ ሲከማች ዕቅዱም ይበልጥ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ይሳሳታል።

ሌላው ተቃውሞ «የተሻለ መሣሪያ እያለ በራዳር ለምን እንደክማለን?» የሚለው ነው። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፣ በአክብሮት ሊመለስም ይገባዋል። ኔዘርላንድስ መላ አገሯን ከአውሮፕላን በሚላክ ሌዘር ደጋግማ ለክታ አሥር ሚሊዮን ያህል ሕንፃዎቿን በሦስት ገጽታ አቅርባለች። ሌዘር በዛፎች ክፍተት አልፎ መሬቱን ስለሚነካ የባሕር ዛፉንም የተዳፋቱንም ችግር ከራዳር ይልቅ በደንብ ይፈታል። ይሁን እንጂ የእኛ አገር ስፋት ከ1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የኔዘርላንድስ ከ25 እጥፍ በላይ፤ በአውሮፕላን ሁሉን መሸፈን ከፍተኛ ገንዘብ ይጠይቃል። ጎግልም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አፍሪካን ጨምሮ የብዙ አገሮችን ሕንፃዎች ቁመት በየዓመቱ የሚገምት መረጃ ይፋ አድርጓል፤ አማካይ ስሕተቱም 1.5 ሜትር መሆኑን አስታውቋል። ይህ ዓይነቱ ግምት ከተራ የሳተላይት ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ቁመታቸው ከታወቀ ሕንፃዎች በተማረ ፕሮግራም የሚሠራ ነው። ጠቃሚ ነው፣ ከራዳሩም ይልቅ አዲስ ነው። ነገር ግን ሁለቱ መረጃዎች የሚሳሳቱበት ምክንያት የተለያየ መሆኑ ለእኛ ዋናው ጥቅም ነው። ራዳር የሚሳሳተው በተዳፋትና በዛፍ ነው፤ ከፎቶግራፍ የተማረ ፕሮግራም ደግሞ ከተማረባቸው ጋር የማይመሳሰሉ ቤቶች ሲገጥሙት ነው። ሁለቱ በተስማሙበት ሰፈር ልባችን ያርፋል፤ ባልተስማሙበት ሰው ልከን እንለካለን።

«የግንባታ ፈቃድ መዝገብ አለ አይደል?» የሚልም አይጠፋም። ፈቃድ የሚናገረው ሊሠራ የታሰበውን ነው። ጂ ፕላስ ሴቨን ተፈቅዶ ሁለተኛው ወለል ላይ የቆመ ስትራክቸር አለ፤ በፈቃድ ላይ ወለል የጨመረም አለ፤ ያለ ፈቃድ የተሠራ ደግሞ በመዝገቡ ውስጥ ጨርሶ የለም። መዝገቡና ልኬቱ አንዱ ሌላውን ሊያርሙ ይችላሉ፣ ሊተካኩ ግን አይችሉም። በተመሳሳይ ምክንያት ቁመትን እንደ ሕዝብ ብዛት አድርጎ መውሰድም አይገባም። ያላለቀ ሕንፃ ረጅም ነው፣ ነዋሪ ግን የለውም፤ ጠባብ ምድር ቤት ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ተጠጋግቶ ይኖራል። ቁመት የወለሉን ስፋት ይነግራል፤ ሰውን የሚቆጥረው ቆጠራ ነው።

በጥሞና ልናየው የሚገባው የመጨረሻው ተቃውሞ ስጋት ነው። በየካ ዳርቻ ብዙ ሰው በተለምዶ የጨረቃ ቤት በሚባሉ፣ ሰነድ በሌላቸው ቤቶች ኖሯል። እንዲህ ያለ ካርታ የአንድን ቤት ግብር ለመተመን ወይም ቤት ለማፍረስ ማስረጃ ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ሰው ምክንያት አለው። መልሴ ግልጽ ነው፤ ይህ ልኬት ለአንድ ቤት ፍርድ አይበቃም። ሁለት ወለል ሊሳሳት የሚችል ቁጥር ይዞ በአንድ ቤተሰብ ላይ መወሰን በደል ነው። የ90 ሜትር ካሬ 8,100 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ በውስጡ ብዙ ቤቶች ስላሉ የአንዱ ስሕተት በሌላው ይቃለላል፣ የማንም ግለሰብ ቤትም ለብቻው አይታይም። ለውኃ፣ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለአደጋ ዝግጅት ይህ ይበቃል። ካርታው ሲታተም ለምን እንደሚያገለግልና ለምን እንደማያገለግል አብሮ መታወጅ አለበት። አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር፤ ብዙ ቤቶች ሲደመሩ የሚቃለለው በዘፈቀደ የሚመጣ ስሕተት ነው። ተዳፋት የሚፈጥረው የሌለ ፎቅ ግን ሁሌም ወደ ላይ ስለሚያዳላ በአማካይ አይጠፋም፤ ተለይቶ መታረም አለበት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሥራው በእጃችን ባለው ሊጀመር ይችላል። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በአገር ደረጃ ለዚህ ሥራ የሚቀርብ ተቋም ነው፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መቆጣጠሪያ ጣቢያም እዚያው እንጦጦ ላይ ነው። ያቺ ሳተላይት የያዘችው ካሜራ እንጂ ራዳር አልነበረም፤ ከፍታ ባትለካም በሳተላይት መረጃ የሚሠራ ባለሙያ እንዲበራከት በር ከፍታለች። በየካ ውስጥ የሚገኘው የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመስክ ልኬቱን ሊወስዱ ይችላሉ። ከመገናኛ ሜዳ እስከ ዳገቱ ጫፍ በተለያየ ተዳፋት ላይ ያሉ ሕንፃዎች በዕጣ ይመረጡ፤ ወለሎቻቸው ይቆጠሩ፤ ቁመታቸው በመንገድ በኩልም በጓሮ በኩልም በሜትር ይለካ። ከዚያ በራዳር የተገኘው ቁመት ከዚህ ጋር ይነጻጸር፤ ስሕተቱም በአንድ አማካይ ሳይሆን ለሜዳ፣ ለለስላሳ ተዳፋት፣ ለዳገትና ለባሕር ዛፍ ዳርቻ ተለያይቶ ይጻፍ። መሬቱን ለመገመት በዝቅተኛው ነጥብ ፋንታ የተዳፋቱን ዘንበል የሚከተል ስሌት ይሠራ፣ ሁለቱም ይወዳደሩ። በየካ የተገኘው እርማት ከዚያ በደሴና በጎንደር ይፈተን። እዚያም ከሠራ የአገሩን ካርታ ለማውጣት የሚያበቃ ምክንያት ይኖረናል።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ተማሪዎች፣ መምህራንና በየማዘጋጃ ቤቱ ያላችሁ ባለሙያዎች፤ ከአሁን በኋላ የሕንፃ ቁመት የሚያሳይ ካርታ ሲቀርብላችሁ አራት ነገር ጠይቁ። መሬቱ የተገመተው እንዴት ነው? ዛፉ ከቤቱ የተለየው በምን ነው? ልኬቱ የተወሰደው በየትኛው ዓመት ነው? በዳገት ላይ የተፈተነው የት ነው? ለእነዚህ መልስ ያለው ካርታ ባጀት ሊመደብበት፣ የውኃ መስመር ሊዘረጋበት ይገባዋል። መልስ የሌለው ካርታ ግን ቀለሙ ቢያምርም ወደ ሠሪው ይመለስ፣ ከነጥያቄው።